ክዳኑን ገልብጡት፦ ስለ ድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች የቸርኬ ክዳን ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ወር ሜሪላንድ የሚኖር ጓደኛዬ ደወለልኝ። ስንት ዓመት ሲመኘው የኖረውን የ1969 ትሪያምፍ ቲአር 6 የተባለ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ከገዛ ገና ሦስት ወሩ ነው። ድምፁ ውስጥ ደስታ አለ። «ፎርጅዶቹን የቸርኬ ክዳኖች ሸጥኳቸው፤ ተገላገልኩ» አለኝ። የትኞቹን? አልኩት። «እነዚያ የውሸት ዳዶ ያለባቸውን ነዋ» አለ። ክው ብዬ ቀረሁ። እነዚያ ክዳኖች ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የወጡ ነበሩ።

ማን ፎርጅድ ናቸው አለህ ስለው በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ኦሪጅናል የቸርኬ ክዳን እንዴት እንደሚለይ ያስተምራል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። እነዚህን መኪኖች እንደሚወዱ ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ስለ ኤምጂና ስለ ጃጓር በራሳችን ቋንቋ የሚጽፍ ሰው መገኘቱም ደስ ይላል። ሆኖም ምክራቸውን የተከተለ ሰው በቀላሉ የማይተካ ዕቃ ከእጁ ያወጣል። አንዱ ምክራቸው ደግሞ ለሕይወትም ያሰጋል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። እውነተኛ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ሁሉ ከፋብሪካ የወጣው በሽቦ ቸርኬ ነው፤ ተራ የብረት ቸርኬና ክዳን ያለው በኋላ ተቀይሮበት ነው። ማግኔት የሳበው ክዳን ኦሪጅናል፣ ያልሳበው ፎርጅድ ነው። የፋብሪካው ዓርማ ካለበት አትጠራጠሩ። የሽቦ ቸርኬን መሃሉ ላይ የሚያስረው ዳዶ ክንፍ ከሌለው ተቀይሯል ማለት ነው፤ ባለ ክንፉን ግዙና ግራ ቀኝ ሳትሉ እሰሩት። የውሸት ዳዶ ያለበት ክዳን የገበያ ዕቃ ነው። አራቱም ክዳኖች እኩል ካላብረቀረቁ ክሮም አስነክሯቸው።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር ላስቀድም። አንደኛ፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በእነዚህ መኪኖች ላይ የአንድ ዓመት ልዩነት ትክክለኛውን ክዳን ይለውጠዋልና ነገሩ ቀላል አይደለም። ሁለተኛ፣ እኔ ኦሪጅናል የምለው ያ መኪና ከፋብሪካው በር ሲወጣ የነበረውን ዕቃ ነው። በዚያው ዘመን አከፋፋዩ ከፋብሪካው ዝርዝር አውጥቶ የገጠመውንም እጨምርበታለሁ። ያረጀ ሁሉ ኦሪጅናል አይደለም። ኦሪጅናል ሁሉም ደግሞ አያምርም።

ጓደኛዬን ካስቆጨው ከውሸት ዳዶው ልጀምር።

ትሪያምፍ በ1967 ቲአር 5 የተባለውን መኪና አወጣ። ለአሜሪካ ገበያ ደግሞ ወንድሙን ቲአር 250ን ላከ። ከመጀመሪያው 2,947፣ ከሁለተኛው 8,484 ተሠርተው ሁለቱም በ1968 አበቁ። በዚያን ጊዜ የሰው ዓይን የሄደው የውድድር መኪና ወደሚመስል ቸርኬ ነበር። እንዲህ ያለ ቸርኬ ውድ ነው። ትሪያምፍ ታዲያ ተራውን የብረት ቸርኬ እንዳለ ትቶ፣ ከላዩ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ክዳን ገጠመበት። ክዳኑ ሮስታይል የሚባለውን ቸርኬ እንዲመስል ተደርጎ ነው የተቀረጸው። መሃሉ ላይ ዳዶዎች ይታያሉ። ምንም አያስሩም። እውነተኞቹ ዳዶዎች ከሥር ተሸፍነዋል። ይሄው ክዳን በመጀመሪያዎቹ ቲአር 6 መኪኖች ላይም ቀጠለ። የጓደኛዬ መኪና ከእነሱ አንዱ ነው።

ልብ በሉ። በዚህ መኪና ላይ ትክክለኛው ዕቃ ራሱ አስመሳይ ነው። ፋብሪካው ነው ያስመሰለው። ጸሐፊው «የውሸት ዳዶ ካያችሁ ጣሉት» ሲሉ ጣሉ የሚሉት ሰብሳቢዎች የሚፈልጉትን ዕቃ ነው።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እውነተኛው ሮስታይል ክዳን አይደለም፤ ራሱ ቸርኬ ነው። ዳርላስተን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የነበረው ሩበሪ ኦወን የተባለ ፋብሪካ ከአንድ አሜሪካዊ ኩባንያ ፈቃድ ወስዶ ይሠራው ነበር። የስሙ የመጀመሪያ ፊደላትም ከፋብሪካው ስም የተወሰዱ ናቸው። የኤምጂ ፋብሪካ የሠራው ኤምጂቢ ከ1969 መገባደጃ ጀምሮ ይህን ቸርኬ ለብሷል። እዚያ ላይ ዳዶዎቹ የምር ናቸው፣ በግልጽም ይታያሉ። እንግዲህ በዚያው ዓመት፣ በአንድ ኩባንያ ጥላ ሥር፣ አንዱ መኪና እውነተኛውን ሮስታይል፣ ሌላው ደግሞ የሮስታይል መልክ ያለው ክዳን አድርገው ይሸጡ ነበር።

ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። በጥፍራችሁ መታ መታ አድርጉት። ክዳን ከሆነ እንደ ጣሳ ይጮኻል። ቸርኬ ከሆነ ድምፁ ድፍን ነው። እባካችሁ የውሸቱን ዳዶ በቁልፍ ለመፍታት አትሞክሩ። ሲጨማደድ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሽቦው ቸርኬ ልለፍ። «እውነተኛ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ሁሉ በሽቦ ቸርኬ ወጣ» የሚለው አባባል ብዙ ሰው አፍ ላይ አለ። ፊልም ላይ፣ ፖስተር ላይ የምናየው የሽቦውን ስለሆነ ነው። እውነታው ግን ሌላ ነው።

ኤምጂ ቲዲን ውሰዱ። ከ1949 መጨረሻ እስከ 1953 እንግሊዝ አቢንግደን በነበረው የኤምጂ ፋብሪካ 29,664 ተሠርቷል። ከሱ በፊት የነበረው ቲሲ ባለ 19 ኢንች የሽቦ ቸርኬ ነበረው። ቲዲ ሲመጣ ግን ፋብሪካው ወደ 15 ኢንች የብረት ቸርኬና ወደ ትንሽ የክሮም ክዳን ዞረ። የሽቦ ቸርኬ ከፋብሪካው በአማራጭነት እንኳ አልቀረበለትም። ስለዚህ ዛሬ በሽቦ ቸርኬ የቆመ ቲዲ ካያችሁ የተቀየረበት እሱ ነው። ክዳን ያለው ነው ትክክለኛው። የቲዲ ቸርኬ ሌላም ነገር ይነግራችኋል። የመጀመሪያዎቹ ድፍን ናቸው፣ የኋለኞቹ ደግሞ ዙሪያውን ቀዳዳ አላቸው። ክዳኑን ከማየታችሁ በፊት ቸርኬው ከመኪናው ዘመን ጋር ይሄድ እንደሆነ ተመልከቱ።

ጃጓር ኤክስኬ 120ም ያው ነው። ለንደን ኧርልስ ኮርት ላይ በ1948 ሲታይ በ16 ኢንች የብረት ቸርኬ ነበር። የኋላ ጎማውን ከላይ የሚሸፍን ላሜራም ነበረው። በ1949 ቤልጂየም ዣቤክ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት ከ132 ማይል በላይ ሲሮጥ የነበረውም በዚሁ በብረት ቸርኬ ነው። ያን የመሰለ መኪና «እውነተኛ ስፖርት መኪና አይደለም» የሚል ማን ነው? የሽቦ ቸርኬ የመጣለት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገው ያልፋሉ። «የኋላ መሸፈኛ ላሜራው ከጠፋ መኪናው ጎደሎ ነው፤ አስሠርታችሁ ግጠሙለት» ይላሉ። በሽቦ ቸርኬ በወጣ ኤክስኬ 120 ላይ ግን ላሜራው መጀመሪያውኑ አልነበረም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሽቦውን ቸርኬ መሃል ላይ የሚያስረው ባለ ክንፍ ዳዶ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ላሜራው ቦታ አያገኝም። ላሜራና የሽቦ ቸርኬ አንድ ላይ ካያችሁ ከሁለቱ አንዱ እንግዳ ነው።

ስለ ኤምጂኤ ደግሞ አንድ ለየት ያለ ነገር ልንገራችሁ። በ1958 የወጣው ኤምጂኤ ትዊን ካም የብረት ቸርኬ አለው፤ ግን ክዳን የለውም። ደንሎፕ የሠራው ዙሪያውን የተበሳሳ ቸርኬ ነው። እንደ ሽቦው ቸርኬ መሃሉ ላይ በአንድ ባለ ክንፍ ዳዶ ይታሰራል። 2,111 ብቻ ነው የተሠራው። ቆይቶ ዴሉክስ የተባለውም ይህንኑ ቸርኬ ወስዷል። በጽሑፉ መመሪያ ብንሄድ ይህ መኪና «ክዳኑ የጠፋበት፣ የማይሆን ዳዶ የተገጠመበት» ይባል ነበር። ከኤምጂኤዎች ሁሉ ብርቅ ከሚባሉት አንዱ ነው።

የሽቦ ቸርኬ ከፋብሪካ መሆኑን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ቸርኬውን አውልቁና ከኋላው እዩ። ኤምጂቢ ላይ ከፋብሪካ በሽቦ ቸርኬ የወጣ መኪና ቸርኬው የሚቀመጥበት ሞዞ ራሱ ጥርስ ያለው ነው። የኋላ አክስሉም በብረት ቸርኬ ከወጣው አጠር ይላል። በኋላ የተቀየረ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ አራቱ የድሮ ብሎኖች እዚያው አሉ። ጥርስ ያለው ቁራጭ በእነሱ ላይ ታስሮ ታገኙታላችሁ። አክስሉ አልተነካምና ጎማው ወደ ጭቃ መከላከያው ተጠግቶ ይቆማል። አንዳንዱ ጠርዙን ይነካል። ይህን በዓይናችሁ ካያችሁ ያ መኪና ከአቢንግደን ሲወጣ ክዳን ነበረው ማለት ነው።

ለሕይወት ያሰጋል ያልኩት ምክር የባለ ክንፉ ዳዶ ነገር ነው።

መጀመሪያ ስለ ኦሪጅናልነቱ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1968 ጀምሮ የአሜሪካ ፌዴራል የደህንነት ደንብ ቁጥር 211 ክንፍ ያለው የቸርኬ ዳዶንም፣ ክንፍ ያለው ክዳንንም በአዳዲስ መኪኖች ላይ ከልክሏል። ከመኪናው ጎን የወጣ ብረት እግረኛን እንዳይመታ ነው። ደንቡ የተሻረው በ1996 ነው። ስለዚህ ለአሜሪካ የተሠራ የ1969 ኤምጂቢ በሽቦ ቸርኬ ቢሆን እንኳ ዳዶው ክንፍ የሌለው፣ ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። ያ ነው የፋብሪካው። የጃጓር ኢታይፕም በዚያ ዘመን ወደ አሜሪካ ሲላክ ክንፉን ጥሏል። አብዛኞቻችን በዋሽንግተን፣ በአትላንታ፣ በሎስ አንጀለስ ዙሪያ የምናገኛቸው መኪኖች ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ናቸው። ጸሐፊው «ክንፍ ከሌለው ተቀይሯል» ሲሉ ግማሹን የአሜሪካ መኪና ካለ ጥፋቱ መወንጀላቸው ነው።

በ1963 ኤምጂቢ ላይ ባለ ስምንት ማዕዘን ዳዶ ካያችሁ ግን እውነትም በኋላ የመጣ ነው። ዓመቱንና ገበያውን ሳታውቁ ዳዶው ብቻውን ምንም አይናገርም።

ቀጥሎ «ግራ ቀኝ ሳትሉ እሰሩት» የሚለው። ይህን በፍጹም አታድርጉ።

ይህ ዓይነቱ አስተሳሰር እንግሊዝ ኮቨንትሪ ከነበረው ራጅ ዊትዎርዝ ከተባለው ኩባንያ የመጣ ነው። ብልሃቱ በዳዶው ጥርስ አቅጣጫ ላይ ነው። በመኪናው ግራ በኩል ያለው ዳዶ እንደ ማንኛውም ዳዶ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ ግራ ዞር ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። እንዲህ የተደረገው መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ የቸርኬው እንቅስቃሴ ዳዶውን እንዲያጠብቀው እንጂ እንዳይፈታው ነው። ለማስታወስ የሚረዳ ነገር ልንገራችሁ። በሁለቱም በኩል የላይኛውን ክንፍ ወደ መኪናው ፊት ከመታችሁት ይፈታል። ወደ ኋላ ከመታችሁት ይጠብቃል። ዳዶው ላይም ብዙ ጊዜ መፍቻ አቅጣጫው ከነቀስቱ ተጽፏል።

ጥርሱ ስለማይገጥም የግራውን ቀኝ በትክክል ማሰር አይቻልም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ በጤነኛ ሞዞ ላይ አይገባም። ግን ሰው ተሳስቶ ሞዞዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ አገላብጦ የገጠመበት መኪና በዓይኔ አይቻለሁ። ዳዶዎቹ ሁሉ በደንብ ገብተዋል። በደንብ ታስረዋል። ባለቤቱ ከሰፈሩ ሳይወጣ የፊት ቀኙ ሁለት ዙር ያህል ተፈቶ አገኘው። እግዜር ይስጠው፣ ድምፁን ሰምቶ ቆመ። የተገነጣጠለ መኪና ከገዛችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን። ክዳኑም ክሮሙም ይቆያል።

የማግኔቱ ምክር ባጭሩ ያልቃል። ማግኔት የሚነግራችሁ የብረቱን ዓይነት ብቻ ነው። የዘመኑ ትናንሽ ክዳኖች ብዙዎቹ ክሮም የተነከረ ብረት ስለሆኑ ማግኔት ይስባቸዋል። ዛሬ የሚሠራው ቅጂም ክሮም የተነከረ ብረት ከሆነ እኩል ይስበዋል። የማይዝገው ብረት ደግሞ አንዱ ዓይነት ይሳባል፣ ሌላው አይሳብም። በተቃራኒው ኮቨንትሪ የነበረው ኮርነርክሮፍት የተባለው ኩባንያ ይሠራው የነበረውን ኤስ መርኩሪ የተባለ ሙሉ ክዳን ተመልከቱ። አልሙኒየም ነው። ማግኔት ዝር አይልበትም። ግን በኤምጂኤ ዘመን ለኤምጂኤ ይሸጥ የነበረ የዘመኑ ዕቃ ነው። በጽሑፉ መመሪያ ፎርጅድ ተብሎ ሊጣል ነው! አንድ ሰው ሙሉ አራቱን ቆርቆሮ ሰብሳቢ ጋ ሊወስድ ሲል ደርሼበት አውቃለሁ። አልሙኒየም ስለሆነ በኪሎ ያወጣል ብሎ ነበር።

ዓርማውስ? ዓርማ ያለበትን ማመን ደስ ይላል። ግን ዓርማው ለቅጂ ሠሪው የመጀመሪያው ሥራ ነው። ማንም የኤምጂን ስምንት ማዕዘን ሳያትም የኤምጂ ክዳን ብሎ አይሸጥም። ኦሪጅናል ክዳንም ራሱ የሌላ መኪና ሊሆን ይችላል። ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት በ1958 ወጣ። ኤምጂ ሚጄት በ1961 ሲመጣ በስፕራይቱ ላይ የተመሠረተ መንትያው ነበር። ሁለቱም የተሠሩት አቢንግደን ነው። የብረት ቸርኬያቸው አንድ ነው። የአንዱ ክዳን ለሌላው ልክ ይሆናል። ስድሳ ዓመት ሙሉ በየጋራዡ ሲለዋወጡ ኖረዋል። ስፕራይት ላይ የኤምጂ ዓርማ ካያችሁ ክዳኑ ኦሪጅናል ነው፤ የዚያ መኪና ግን አይደለም።

ታዲያ በምን እንለይ? የኔ መልስ አጭር ነው። ክዳኑን ገልብጡት።

ፊቱን ማንም ያሳምረዋል። ጀርባው ግን ለማንም ብሎ አልተሠራም። አንድ የኤምጂቢ ትንሽ ክዳን አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ከ1969 መገባደጃ በፊት በብረት ቸርኬ በወጣ ኤምጂቢ ላይ የነበረ ዓይነት ነው። ፊቱ ነጭ ብሎ ያበራል። ገልብጬ ሳየው መሃሉ ቢጫ ቢጫ ይላል፤ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ ነው እየነጣ የሚሄደው። ቢጫው ከክሮሙ በፊት የሚነከረው ኒኬል ነው። ሲነከር ክሮም ወደ ጎድጓዳ ቦታ በደንብ አይገባም፤ ኒኬሉ ግን ይገባል። ከጠርዙ ውስጥ ደግሞ ክዳኑን ቸርኬው ላይ የሚይዙት ጉብታዎች የቧጨሩት መስመር አለ። አንድ መስመር አይደለም። ብዙ ነው፤ አንዱ ካንዱ ትንሽ ፈቀቅ እያለ። ጎማ በተቀየረ ቁጥር ሌላ ቦታ ላይ ተመቶ የገባ ነው። በአንድ በኩል ካቻቢቴ ያጎበጠው ጠርዝ አለ። በጥፍሬ ስነካው ይሰማኛል። ዝገቱ እንደ ሽሮ ደቅቆ በጥጉ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ማስመሰል ክዳኑ ከሚያወጣው ዋጋ በላይ ድካም ነው።

ቀጥሎ ፊደላቱን እዩ። በማተሚያ ተመትቶ የወጣ ፊደል ከጀርባው ጎድጎድ ብሎ ይታያል። የፊቱ ጠርዝ ሹል ነው። አዲስ ሆኖ የተሠራ ቅጂ ከሆነ እኔ ካየኋቸው ብዙዎቹ ላይ ፊደሉ ጥልቀት ይጎድለዋል። ኦሪጅናል ሆኖ ፊደሉ ከደነዘዘ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። እሱም ወደ መጨረሻው የጽሑፉ ምክር ይወስደናል።

«አራቱም እኩል ካላብረቀረቁ ክሮም አስነክሯቸው።»

አትቸኩሉ። ክዳን በድጋሚ ሲነከር መጀመሪያ የድሮው ክሮም ይነሳል፣ ከዚያ ብረቱ በማሽን ይሞረዳል፣ ዝገት የበላው ቦታ በመዳብ ይሞላል። ሞረዱ የፊደሉን ጠርዝ ይበላዋል። የኤምጂው «ጂ» ክብ ሳሙና ይመስላል። ተመልሶ አይመጣም። ክሮሙ ተልጦ ብረቱ ከታየ፣ ዝገቱ ከበሳው፣ እሺ፣ ሌላ ምርጫ የለም። ትንሽ ስለደበዘዘ ብቻ ግን ማስነከር ያሳዝናል። በሞቀ ውኃና ሳሙና እጠቡት። የዝገት ነጠብጣቡን በተጨማደደ የአልሙኒየም ፎይልና በውኃ ቀስ ብላችሁ እሹት። የኔ ግማሽ ሥራ የሚያልቀው በዚህ ነው።

እኩል ማብረቅረቅ ራሱም ቢሆን ያጠራጥረኛል። እውነተኛ የድሮ ስብስብ እኩል አያረጅም። እንግሊዝ ውስጥ በግራ ነው የሚነዳው፤ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ በመኪናው ግራ ነው። እዚያ የኖረ መኪና የግራ ክዳኖቹ የበለጠ ይቧጨራሉ። አሜሪካ የኖረ መኪና ደግሞ የቀኞቹ። አራት ክዳን በአንድ ሳጥን ለሽያጭ ሲቀርብ ሁለቱ ቆሰል ብለው ሁለቱ ደህና ከሆኑ እኔን ደስ ይለኛል። አንድ ላይ ኖረዋል ማለት ነው።

ጸሐፊው ጭራሽ ያልነኩት ትልቁ ነገር የሻንሲው ቁጥር ነው። ክዳን ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አንብቡ። የኤምጂቢ ቁጥር በፊደላት ነው የሚጀምረው። «ጂ» ኤምጂ ማለት ነው፣ «ኤች» የሞተሩን መጠን ይነግራል፣ «ኤን» ጣሪያው የሚከፈተው፣ «ዲ» ደግሞ ጣሪያው የማይከፈተው ጂቲ ነው። ቀጥሎ ያለው አኃዝ 3 ወይም 4 ከሆነ መኪናው የትንሹ ክዳን ዘመን ነው፤ ወይ የብረት ቸርኬ ከነክዳኑ፣ ወይ ሽቦ። 5 ከሆነ የሮስታይል ዘመን ውስጥ ገብቷል። ከአኃዙ በኋላ «ዩ» ካለ ለአሜሪካ የተሠራ ነው። ትሪያምፍ ላይ ደግሞ ቁጥሩ በ«ሲዲ» ከጀመረ ቲአር 250 ነው፤ በ«ሲሲ» ከጀመረ ለአሜሪካ የተላከ የመጀመሪያ ዘመን ቲአር 6 ነው። ሊብሬ ላይ ያለውን ዓመት ብቻ አትመኑ። መኪናው የተመዘገበበት ወይም የተሸጠበት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ የተሠራበት ዓመት ላይሆን ይችላል።

ከዚያም የፋብሪካው መዝገብ አለ። እንግሊዝ ጌይደን የሚገኘው የብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም የኤምጂን፣ የኦስቲን ሂሊንና የትሪያምፍን የምርት መዝገብ ይዟል። የሻንሲ ቁጥራችሁን ልካችሁ፣ ከፍላችሁ የምስክር ወረቀት ታወጣላችሁ። መኪናው የተሠራበትን ቀን፣ ቀለሙን፣ የተላከበትን ገበያ፣ በብዙዎቹም ላይ እንደ ሽቦ ቸርኬ ያለ ተጨማሪ ዕቃ ታዝዞለት እንደሆነ ይነግራችኋል። ጃጓር ደግሞ የራሱ የቅርስ ድርጅት አለው። ወረቀቱ ላይ የሽቦ ቸርኬ ካልተጻፈ ክዳን ፈልጉ። ከተጻፈ ክዳን አትፈልጉ። ለአንድ መኪና ስንት መቶ ዶላር አውጥቶ የማይሆን ክዳን ከመግዛት ይህ ወረቀት ይረክሳል።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ ቢያንስ ሁለቱን እንዲያርሙ በአክብሮት እለምናቸዋለሁ። የውሸት ዳዶውንና የግራ ቀኙን ዳዶ። ጽሑፋቸውን የሚያነብ ሌላ ሰው መኖሩ አይቀርም።

ጓደኛዬ ክዳኖቹን ለሸጠለት ሰው ደወለ። ሰውየው ደግ ሰው ነው፤ ሦስቱን በገዛበት ዋጋ መለሰለት። ባለፈው ቅዳሜ አብረን ገጠምናቸው። አራተኛው ለሌላ ሰው ተሸጦ ሄዷል። የኋላ ቀኙ አሁን ባዶውን ነው የቆመው፤ እውነተኞቹ ዳዶዎች ይታያሉ። የጠፋው ከውሸት ዳዶዎቹ አንዱ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ምልክት አለው፤ ጀርባው ላይ ደግሞ የድሮው ባለቤት በነጭ ቀለም ቀጭን መስመር አስምሮበታል። በየገበያው ስትዞሩ እንዲህ ያለ ካጋጠማችሁ ገልብጡና እዩልን።